ጊዜ ለሌለው ሰው ጊዜ ይሰጠው

ጉሊት የምትቸረችር እናት ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ምን እንደምታደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ጠዋት አላስነካ ያለችውን ቲማቲም መደብ በመደብ ላይ ደርባ «በሉ ውሰዱት ልጆቼ፣ ልግባበት» ትላለች። ካደረ ይበላሽባታላ! የአውሮፕላን ወንበርም ይበላሻል፤ ያውም ከቲማቲም የባሰ። በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ባዶውን የሄደ ወንበር ለስልስ እንኳን አይሆንም። ታዲያ አየር መንገዶች እንደ ጉሊቷ እናት ሲመሽ ይቀንሳሉ? እንዴት ተደርጎ! የመብረሪያው ቀን በቀረበ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፣ ትኬት የመሰረዝ መብት ይጠባል፣ «እስቲ ቦታውን ያዙልኝና ላስብበት» የሚባለው ነገርማ ጭራሹን ይጠፋል።

ነገሩ ጭካኔ ብቻ አይደለም፣ ስሌት አለው። ስሌቱን ሳናውቅ ብንከራከር ደግሞ ጩኸት ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ከሱ እንጀምር።

ቦታ ማስያዝና ትኬት መቁረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቦታ ስታስይዙ ስማችሁ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ ይሰጣችኋል፣ ወንበሩም ለጊዜው ከገበያ ይነሳል። ግን ገና አልከፈላችሁም። ስለዚህ የጊዜ ገደብ ይቆረጥላችኋል፤ እስከተባለው ሰዓት ካልከፈላችሁ ኮምፒውተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ይሰርዛችኋል። ለጉዞው ሦስት ወር የቀረው ከሆነ ገደቡ ቀናት ሊሆን ይችላል። ነገ ማታ የምትበሩ ከሆነ ግን ሰዓታት ነው፣ ብዙ ጊዜም «አሁኑኑ ክፈሉ» ነው። አየር መንገዱ የሚፈራው ግልጽ ነው። ዛሬ የያዘላችሁን ወንበር ነገ ከሰዓት «ይቅርብኝ» ብትሉት መልሶ የሚሸጥበት ጊዜ አይኖረውም።

ዋጋውስ ለምን ይወጣል? አሜሪካን ኤርላይንስ በፈረንጆቹ 1985 ቀድመው ለሚገዙ ብቻ የሚሸጥ ትልቅ ቅናሽ ይዞ ከወጣ ወዲህ፣ ትልልቆቹ አየር መንገዶች የተያያዙት ዘዴ አንድ ነው። ለእረፍት የሚሄደው ሰው ቀድሞ ያቅዳል፣ ዋጋ ያማርጣል፣ ከተወደደበት ይተወዋል። እሱን በርካሽ ያዘው። በመጨረሻ ሰዓት የሚመጣው ግን ስብሰባ የተጠራ ነጋዴ ነው፤ የሚከፍልለትም መሥሪያ ቤቱ ነው። እሱ አይከራከርም፣ ጨምርበት። ለነጋዴው ይሄ ትክክል ነው እንበል። ምንም ቅሬታ የለንም።

በመጨረሻ ሰዓት ትኬት ፍለጋ የሚሮጠው ግን ነጋዴ ብቻ ነው እንዴ? እናቱ የሞተችበት ሰውስ?

አሜሪካኖቹ የተሳፋሪውን መብት በሕግ ለማስተካከል ሞክረዋል። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤታቸው በ2011 ያወጣውና ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው ደንብ አየር መንገዶችን ከሁለት አንዱን ምረጡ ይላል። ወይ ምንም ሳይከፈላችሁ ቦታውን በተናገራችሁት ዋጋ ለ24 ሰዓት ያዙለት፣ ወይ ከፍሎ በ24 ሰዓት ውስጥ ሐሳቡን ከቀየረ ያለ ቅጣት ሙሉ ገንዘቡን መልሱለት። ደንቡ የአሜሪካ አየር መንገዶችን ብቻ አይደለም የሚመለከተው። ወደ አሜሪካ የሚበሩ የውጭ አየር መንገዶችም እዚያ ላለ ደንበኛ ሲሸጡ ይገዛቸዋል። ዋሽንግተን ያለው የአክስታችሁ ልጅ ወደ ቦሌ የሚመጣበትን ትኬት በቀጥታ ከአየር መንገዱ ሲቆርጥም ይሠራል ማለት ነው።

ጥሩ ሕግ ነው። ግን ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው፣ ግዴታው የተጣለው በአየር መንገዱ ላይ ብቻ ነው። ከጉዞ ወኪል ወይም ከሌላ የትኬት መሸጫ ድረ ገጽ የገዛ ሰው በወኪሉ ደንብ ነው የሚተዳደረው። የኛ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ኤጀንት መደወል ይወዳል፤ በአማርኛ ያስረዳዋላ! ሁለተኛው ቀዳዳ የባሰ ነው። ደንቡ የሚሠራው ከመብረሪያው ቢያንስ 7 ቀን ቀደም ብሎ ለተያዘ ቦታ ብቻ ነው። 6 ቀን ከቀረው በሕግ የሚጠየቅ ነገር የለም።

አሁን ይሄን ሕግ ይዘን ወደ ለቅሶ ቤት እንሂድ።

ውጭ አገር ላለ ሰው መርዶ ሲነገረው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ጎህ ሳይቀድ በር ያንኳኳል። ለቅሶው በረድ ሳይል የመጀመሪያው ጥያቄ ይመጣል፦ ይሄዳል ወይስ አይሄድም? እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ቀብሩ ይቆይለት ወይስ አይቆይ? በኛ አገር ቀብር በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ነው። ልጁ ይድረስ ከተባለ ታላቅ ወንድም መስማማት አለበት፣ የንስሐ አባት መጠየቅ አለባቸው፣ ዕድሩ ድንኳኑን መቼ እንደሚተክል ማወቅ አለበት። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ መቆየት የሚባለው ነገር ከነጭራሹ ሊከብድ ይችላል። ዋሽንግተንና አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ይራራቃሉ፤ አንዱ ሲነቃ ሌላው ሊተኛ ነው። በዚያ ላይ ፓስፖርቱ አልፎበት እንደሆነ ማየት፣ ቢጫ ካርዱን መፈለግ፣ አለቃን ማስፈቀድ፣ ልጆቹን የሚይዝ ሰው መለመን አለ።

ይሄ ሁሉ የስንት ሰዓት ሥራ ነው? አራት፣ አምስት፣ ቢበዛ አንድ ቀን። ሕጉ ለሌላው ሰው የሰጠው 24 ሰዓት ማለት ነው! ለቅሶ ላይ ያለው ሰው ግን ዋጋው እየወጣ፣ ወንበሩ እያለቀ፣ አሁኑኑ ይክፈል ይባላል። ከፍሎ ሲያበቃ እዚህ ቤት «ቀብሩ ተፈጽሟል፣ ተረጋግቶ ለአርባው ይምጣ» ቢባልስ? እንደ ትኬቱ ዓይነት ወይ ገንዘቡ ቀልጦ ይቀራል፣ ወይ ቅጣት ይቆረጥበታል፣ ወይ ሌላ ጊዜ ትበርበታለህ ተብሎ ወረቀት ይያዝለታል።

እንግዲህ አስቡት። ለአርባ የሚመጣ ሰው ትኬቱን ከሦስት ሳምንት በፊት ቢቆርጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ሐሳቡን የመቀየር ሙሉ መብት አለው። ለቀብር የሚመጣው የለውም። የተረጋጋው ሰው እንዲያስብ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ያልተረጋጋው ይከለከላል። ለጠገበ ምሳ መጋበዝ ማለት ይሄ አይደል?

«ለሐዘንተኛ ቅናሽ አለ እኮ» የሚል ይኖራል። ነበረ ቢባል ይሻላል። ድሮ ብዙ የአሜሪካ አየር መንገዶች የለቅሶ ዋጋ የሚባል ነገር ነበራቸው። አሜሪካን ኤርላይንስ በ2014 አቆመው፣ ዩናይትድም በዚያው ዓመት ተከተለው። ዴልታን የመሳሰሉ ጥቂቶች አላቋረጡትም፤ ለማግኘት ግን ስልክ ደውሎ የሟችን ስምና ዝምድና ማስረዳት አለ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደግሞ ደንብ የሚያጣራበት አንጀት ከየት ያመጣል?

የካናዳው ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2022 አያቱ የሞተችበት አንድ ተሳፋሪ የኤር ካናዳ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ በጽሑፍ የሚመልሰውን ቻትቦት ስለ ለቅሶ ቅናሽ ጠየቀ። ማሽኑም አሁን በሙሉ ዋጋ ቁረጥ፣ በ90 ቀን ውስጥ አመልክተህ ቅናሹን ትወስዳለህ አለው። ሰውዬው አምኖ ሄደ፣ አያቱን ቀበረ፣ ተመለሰ፣ አመለከተ። መልሱ «ከጉዞ በኋላ ቅናሽ የለም» ሆነ። ጉዳዩ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ጥቃቅን የፍትሐ ብሔር ክርክሮች ወደሚታዩበት ችሎት ደረሰ። አየር መንገዱ ምን ብሎ ቢከራከር ጥሩ ነው? ቻትቦቱ ለሠራው ሥራ ራሱ ኃላፊ የሆነ ሌላ አካል ነው አለ! ችሎቱ በየካቲት 2024 ይሄን ክርክር ውድቅ አድርጎ፣ ድረ ገጽህ ላይ ላለው ነገር ሁሉ ተጠያቂው አንተው ነህ ብሎ፣ በጠቅላላው ከ800 የካናዳ ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ገንዘብ እንዲከፍል ፈረደበት። ሰውዬው አሸነፈ። ግን ያንን ያህል ርቀት ለመሄድ ስንት ሐዘንተኛ አቅም አለው?

ለአየር መንገዶቹም እንፍረድላቸው። ነጻ መያዣ ሲገኝ የሚያበላሽ ሰው አይጠፋም። በሦስት ኤጀንት በአንድ ስም ሦስት ቦታ አስይዞ፣ አንዱን ቆርጦ ሁለቱን ዝም ብሎ የሚተው አለ። የዚያን ሰው ሁለት ወንበሮች ፈልጎ ያጣቸው ምናልባት ለቀብር የሚሮጥ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ያለ ገደብ ያዙ አንልም። የምንለው ሌላ ነው።

ጊዜውን እንደ ርቀቱ መጥኑት። 7 ቀንና ከዚያ በላይ ለቀረው 24 ሰዓት ተብሏል፣ ይሁን። ከ7 ቀን እስከ 2 ቀን ለቀረው 12 ሰዓት ይሰጠው። ከ2 ቀን በታች ለሆነው ደግሞ 4 ሰዓት ይበቃዋል። አራት ሰዓት አንድን አየር መንገድ አይጥልም። መጨረሻ ሰዓት ላይ የተለቀቀ ወንበር በዚያው መጨረሻ ሰዓት በውድ ዋጋ የሚሸጥ ወንበር ነውና ገዢ ካለ ኪሳራ የለበትም። ገዢ ከሌለም ወንበሩ መጀመሪያውኑ ባዶ ይሄድ ነበር። በአንድ ስም ሁለት ቦታ የሚይዘውን ደግሞ ኮምፒውተሩ ለይቶ ይሰርዘው፣ እኛም አናዝንለትም።

ይሄ ቅዠት እንዳይመስላችሁ። ሕጉ ሳያስገድዳቸው የ7 ቀኑን ገደብ በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ሁለት ቀንና ከዚያም በታች ያወረዱ የአሜሪካ አየር መንገዶች አሉ። አልከሰሩም። በ2020 በኮሮና ጊዜ ደግሞ ትልልቆቹ የቀን መቀየሪያ ቅጣትን ከአብዛኛው ትኬት ላይ አንስተዋል። እሱም ቢሆን ለሐዘንተኛው ብዙ አልፈየደለትም፤ ቅጣቱ ቢቀር የዋጋ ልዩነቱ አለ፣ በመጨረሻ ሰዓት ደግሞ ልዩነቱ ከቅጣቱ ይብሳል። ግን አይነካም የተባለ ደንብ ሲፈለግ እንደሚነካ አይተናል።

ሌላም አለ። አየር መንገዱ ራሱ በረራ ሲሰርዝስ? ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የአሜሪካ ደንብ በረራ የሰረዘ፣ ወይም የአገር ውስጡን ከ3 ሰዓት፣ የውጭውን ከ6 ሰዓት በላይ ያዘገየ አየር መንገድ፣ ተሳፋሪው ሌላ አማራጭ ካልተቀበለ፣ ሳይጠየቅ ገንዘብ እንዲመልስ ያዛል። በክሬዲት ካርድ ለተከፈለ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ነው። እዚህ ላይ መጨረሻ ሰዓት ነው አልነበረም የሚል ገደብ የለም። ለተሳፋሪው በአንድ በኩል የታሰበለት ነገር በሌላው በኩል የማይታሰብበት ምክንያት አይታየንም።

ለቅሶ ምን እንደሆነ ሊያስረዱት የማያስፈልግ አንድ አየር መንገድ ካለ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። የሚሠሩበት ሰዎች ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ፣ ንፍሮ የቀመሱ ናቸው። የአሜሪካ ሕግ እስኪሻሻል ሳይጠብቅ «ሐዘን ላይ ላለ መንገደኛ ይህን ያህል ሰዓት ቦታ ይዘን እንጠብቃለን» ብሎ በግልጽ ቢጽፍ ማን ይቀድመዋል?

እስከዚያው ግን ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁን ይቺን ምከሯቸው። ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት «ይሄ ትኬት ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ አይመለስም?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ከራሱ ከአየር መንገዱ ይግዙ። የለቅሶ ቅናሽ መኖሩን ከመብረራቸው በፊት ይጠይቁ። መሄዱ ከቀረም ዝም ብለው አይቅሩ፣ ደውለው ይሰርዙ፤ የመሄጃውን በረራ ሳይሰርዝ የቀረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መመለሻውም አብሮ ይሰረዝበታል።

እዚህ ያለነውም የምንችለው ነገር አለ። ልጁ ይጠበቅ አይጠበቅ የሚለውን መርዶው ከመነገሩ በፊት ተነጋግረን እንጨርስ። አየር መንገዱ ያልሰጠውን አራት ሰዓት ቢያንስ ቤተሰቡ ይስጠው።