ደጅ ከመጥናት በፊት ደጁን ማወቅ



በአገራችን ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ መጥናቱ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የማይታይበትን ደጅ የሚጠና ሰው ጊዜውንና ስንቁን በከንቱ ይጨርሳል። ስለ መንደሩ የውሃ ጕድጓድ ለማመልከት ከጓንጓ ተነሥቶ እንጅባራ የሚመጣ ገበሬ «ወደ ወረዳህ ተመለስ» ቢባል የተበደለ ይመስለዋል። ስለዚህ የአስተዳደራችንን ሥርዓት ማወቅ ለሁላችንም የሚገባ ነው እላለሁ።

ቀድሞ አገራችን በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የአገው ምድር አውራጃ ተብላ ስትጠራ፥ ገዥው ከበላይ ይሾም ነበር። በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ግን ለአዊ፥ ለዋግ ኽምራና ለኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች የየራሳቸው ምክር ቤት እንዲኖራቸው ደንግጓል። እንደ ምሥራቅ ጎጃም ያሉት ሌሎች ዞኖች እንዲህ ያለ ምክር ቤት የላቸውም። የእኛ ምክር ቤት ዋና አስተዳዳሪውን ይመርጣል፤ የሥራ ቋንቋውን ይወስናል፤ የአዊን ባህልና ታሪክ ይጠብቃል።

የዕለት ኑሯችንን የሚነካው ሥራ ግን አብዛኛው በወረዳ እጅ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህራን ደመወዝ፥ ጤና ጣቢያው፥ የግብርና ባለሙያውና የገጠር ውሃው ከወረዳው በጀት ይተዳደራሉ። እንጅባራ፥ ዳንግላና ቻግኒ ደግሞ የየራሳቸው የከተማ አስተዳደር አላቸው። ሆስፒታል የክልሉ ጤና ቢሮ ጉዳይ ሲሆን፥ በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው ዋና መንገድና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራሉ መንግሥት ናቸው።

አንዳንዶች «ይህ የሹማምንት ነገር ነው፤ ገበሬው እርሻውን ይረስ» ይላሉ። ታዲያ ግብሩን የሚከፍለው ማን ነው? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ተብሏልና፥ የገንዘቡ ባለቤት ዝም ካለ ስለ እርሱ የሚጠይቅለት ከየት ይመጣል?

በእኔ አሳብ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ ይበጃል። አንደኛ፥ የየወረዳው በጀት ሕዝብ በሚሰበሰብበት በገበያ ቀን፥ በአማርኛም በአዊኛም ይነገር፤ አዊኛ ብቻ የሚሰማ ሽማግሌ ስለ ገዛ ገንዘቡ በሌላ ሰው አፍ መስማት የለበትም። ሁለተኛ፥ የምክር ቤት አባል በጀቱ ከመጽደቁ አስቀድሞ ወደ መራጮቹ ተመልሶ ይጠይቃቸው። ሦስተኛ፥ እኛ ተማሪዎች የሩቅ አገር ፓርላማ እንደምናጠና ሁሉ የወረዳችንን ምክር ቤትም እናጥና።

ጓደኞቼ ሆይ፥ 18 ዓመት የሞላን ሁሉ የመምረጥ መብት አለን። ማንበብና መጻፍ ለማያውቁት አባቶቻችንና እናቶቻችን ማመልከቻ ስንጽፍላቸው፥ የትኛው ጉዳይ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ሆነም እንንገራቸው። ያስተማሩንን ወላጆች በዚህ ካላገለገልናቸው፥ መማራችን ለምን ይጠቅማቸዋል?