ስለ ኮምፕዩተር መዝገብ መዛባትና ስለ አስመጪዎች ጥንቃቄ

ነጋዴ ከሒሳቡ አምስት ሳንቲም ጎድሎ ሲያገኝ የሚያሳስበው የገንዘቡ ማነስ ሳይኾን ጉድለቱ የመጣበት መንገድ ነው። ዛሬ መዛግብታችንን ለኮምፕዩተርና ለእጅ ስልክ በአደራ ስለ ሰጠን፣ ይህ የቆየ የነጋዴ ልማድ በነዚህ መሣሪያዎችም ላይ ሊጸና ይገባል ብለን እናምናለን። ለዚህም በጀርመን አገር የደረሰውን አንድ ነገር ለተከበራችሁ አንባብያን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በሚያዝያ 2021 የሰዎችን የኢንተርኔት ገጽ በሚያስተናግድ አንድ ድርጅት ዘንድ፣ ደንበኛ የገጹ የጎብኚዎች መዝገብ አልከፈት እንዳለው አመለከተ። የድርጅቱ ባለሙያ ማክስ ኬለርማን ፋይሉን ቢመረምር ተበላሽቶ አገኘው፤ በእጁ አቃናው፤ ጉዳዩም ተዘጋ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያው ብልሽት ደጋግሞ መጣ። ኬለርማንም የተበላሹትን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያስተያይ፣ ብልሽቱ ይበልጥ የሚበዛው በወሩ የመጨረሻ ቀን መዝገብ ላይ ኾኖ ተገኘ። በየፋይሉ መጨረሻ ያሉት ስምንት ባይቶች በሌላ ተተክተዋል። እነዚያን እንግዳ ባይቶች የሚጽፈው፣ የወሩን መዛግብት ጠቅልሎ ለደንበኛ የሚያስረክብ ሌላ ፕሮግራም ነበር። ይህ ፕሮግራም ግን መዛግብቱን እንዲያነብ እንጂ በላያቸው እንዲጽፍ አልተፈቀደለትም!

ጥፋቱ የተገኘው ሊኑክስ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ ማለት በከርነሉ ውስጥ ነው። ከርነል የማሽኑን ማኅደረ ትውስታ ለየፕሮግራሙ የሚያከፋፍል፣ ማን እንዲያነብ ማን እንዲጽፍ የሚወስን ክፍል ሲኾን፣ በእኛ አነጋገር የመጋዘኑ ኀላፊ ነው ቢባል ይስማማል። ከዲስክ የተነበበውን ፋይል ቅጂ በማኅደረ ትውስታው ያኖራል። ፕሮግራሞች መረጃ የሚቀባበሉበት ፓይፕ የሚባል መስመርም አለው፤ ሥራ ለማፍጠንም ያንኑ ቅጂ እንደገና ሳይገለብጥ በመስመሩ ያሳልፈዋል። በመስመሩ ክፍሎች ላይ፣ በዚህ ገጽ ላይ መጨመር ይቻላል የምትል ምልክት ልትኖር ትችላለች። ክፍሉ ለሌላ ሥራ ሲውል ምልክቲቱ መሰረዝ ሲገባት ሳትሰረዝ ትቀር ነበር። የመጋዘን ጸሐፊ በትናንቱ የዕቃ ማውጫ ቅጽ ላይ የተቀባዩን ስም ብቻ ለውጦ፣ የትናንቱን የፈቃድ ማኅተም እንዳለ ቢተወው የሚደርሰውን ነጋዴ ኹሉ ያውቀዋል።

ስሕተቱ ወደ ከርነሉ የገባው በ2016 ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጉዳት አልነበረውም። አደገኛ የኾነው በ2020 በወጣው 5.8 ቁጥር ከርነል ሌላ ማሻሻያ ሲጨመርበት ነው። ከዚያ ወዲህ በማሽኑ ላይ ተራ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው የይለፍ ቃል መዝገቡን ለውጦ የማሽኑ ሙሉ አዛዥ ለመኾን ይችል ነበር። የሚለወጠውም በማኅደረ ትውስታ ያለው ቅጂ ስለ ኾነ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ምልክቱ ሊጠፋ ይችላል። እርግጥ ነው፣ ጉድለቱ ብቻውን ከሩቅ የሚያስገባ በር አይደለም፤ አጥፊው አስቀድሞ በማሽኑ ውስጥ ፕሮግራም ማሠራት ይኖርበታል። ይኹን እንጂ ያገኘውን ፕሮግራም ኹሉ በስልኩ ላይ የሚጭን ሰው በሞላበት ዘመን ይህ ብዙ አያጽናናም።

ኬለርማን ነገሩን በየካቲት 20 ቀን 2022 ለከርነሉ ጠባቂዎች አስታወቀ፤ በሦስተኛው ቀን የተስተካከለ ከርነል ወጣ፤ በመጋቢት 7 ቀንም ደርቲ ፓይፕ በሚል ስም ለዓለም ተገለጸ። የአንድሮይድ ስልኮችም የቆሙት በዚሁ ከርነል ላይ ነው። ጉድለቱ የነካው ያን ጊዜ አዲስ የነበሩትን እንደ ጉግል ፒክስል 6 እና ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ22 ያሉትን ሲኾን፣ የቆየ ከርነል የነበራቸው ስልኮች ከዚህኛው ድነዋል። ስለዚህ ገዢን አዲስ ነውና አትሥጋ ማለት በቂ መልስ አይደለም።

አስመጪውን በቀጥታ የሚመለከተውም እዚህ ላይ ነው። ከርነሉ በሦስት ቀን ቢስተካከልም፣ ማስተካከያው ከስልኩ የሚደርሰው ፋብሪካው አሰናድቶ ሲልከው ብቻ ነው። ፋብሪካውም ለዘለዓለም አይልክም። ሳምሰንግ በየካቲት 2022 ለተመረጡ ስልኮቹ እስከ አምስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ እንደሚሰጥ አስታውቋል፤ ከዚህ እጅግ ያነሰ የሚሰጡ፣ ወይም ጨርሶ የማይናገሩ ፋብሪካዎችም አሉ። አስመጪ ዋጋውን፣ ቀለሙንና የባትሪውን ጉልበት ጠይቆ ይህን ሳይጠይቅ ማዘዙ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ያልተጻፈበት መድኀኒት ከማስመጣት በምን ይለያል? ገዢው ስለማይጠይቅ ምን አደከመን የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። ገዢው የማይጠይቀው ሻጩ ስላልነገረው ነው።

ስለዚህ ፕሮፎርማ ሲጠየቅ የየሞዴሉ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያበቃበት ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽ ይጠየቅ። ዘመኑ ብዙውን ጊዜ የሚቈጠረው ሞዴሉ በዓለም ገበያ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ እንጂ በእኛ ሱቅ ከተሸጠበት ቀን አይደለም። አምስት ዓመት የተሰጠው ስልክ ከወጣ በኋላ በመጋዘን ሁለት ዓመት ከቆየ የቀረው ሦስት ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ሊቀነስ፣ ቀሪው ዘመንም ለባለሱቁ በሚሰጠው ፋቱራ ላይ ሊጻፍ ይገባል።