ስምንት ያርድ ሱፍ

«አይከብድም?» ይሉኛል። ኪልቴን፣ ያን የስኮትላንድ ወንዶች ሽንሽን ቀሚስ፣ አንስተው ያዩ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይኸንኑ ነው። ይከብዳል። የተሰፋው አንዱ ያርድ 16 አውንስ፣ ማለትም 450 ግራም ያህል ከሚመዝን ሱፍ ነው። ወርዱ ሰፊ ስለሆነ አራት ያርድ ይገዛል፤ ከመሃሉ በቁመቱ ተሰንጥቆ ጫፍ ለጫፍ ሲቀጠል ስምንት ያርድ ይወጣዋል፤ ከሰባት ሜትር በላይ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ጨርቅ በአንድ ሰው ወገብ ላይ ያርፋል። ክብደቱን እንደ ጉድለት ሲቆጥሩበት ግን ዝም ማለት አልችልም። የኪልት ውበቱም ዕድሜውም እዚያው ክብደቱ ውስጥ ነው ያለው።

ይህን የተረዳሁት መጀመሪያ ቀላሉን ገዝቼ ነው። ወደ ስኮትላንዷ ኤድንብራ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሠርግ ብዬ ለቱሪስት ከሚሸጥበት ሱቅ አንድ ኪልት ገዛሁ። ሰው ሠራሽ ክር ነበር፤ ሽንሽኑም በማሽን የተሰፋ። ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ የዚህች ከተማ ነፋስ ተነሣ፤ ዝናብም ተከተለው። ማታ ላይ የእኔ ሽንሽን ተበታትኖ ጨርቁ እግሬ ላይ ተለጥፏል። የሙሽራው አባት የለበሱት ግን ከአባታቸው የወረሱት ኪልት ነበር። በዚያው ነፋስ ውስጥ ቆመው ሳያቸው ሽንሽኑ ከግራ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል እንጂ አይገለብም፤ ሲራመዱም ከኋላቸው ተከፍቶ መልሶ ይገጥማል። ዓይኔን ከእርሳቸው ላይ መንቀል አቃተኝ።

ገንዘብ እስካጠራቅም ዓመታት አለፉ። ከዚያ ወደ አንዲት ኪልት ሰፊ ሄድኩ። ወገቤን ለካች፣ ዳሌዬን ለካች፣ ከወገቤ እስከ ጉልበቴ መሃል ድረስ ለካች። ቁመቱን ስትለካ ወደ ታች እንዳላይ አስጠነቀቀችኝ፤ ሰው ካጎነበሰ ልኩ ይሳሳታል። ሌላው ሁሉ የእሷ እጅ ሥራ ነው።

ኪልት ከፊት ለፊት አንዱ በሌላው ላይ የሚደረቡ ሁለት ያልታጠፉ ገጾች አሉት። የቀረው ጨርቅ ሁሉ ከኋላ ይሸነሸናል። የጨርቁ ጥለት ታርታን ይባላል፤ ቁልቁልና አግድም የሚተላለፉ መስመሮች በተወሰነ ቅደም ተከተል እየተደጋገሙ የሚሠሩት ነው። አንዱ ሽንሽን ወደ ውጭ የሚያሳየው ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ያች የምትታየው ቀጭን ቁራጭ ታዲያ ከጎኗ ካለችው ጋር ስትገጥም ጥለቱ መቀጠል አለበት፤ ከኋላ የሚያይ ሰው ጨርቁ ጭራሽ ያልታጠፈ እስኪመስለው ድረስ። ከዳሌ ወደ ወገብ ሲወጣ ደግሞ እያንዳንዱ ሽንሽን ይጠባል፤ ሲጠብም መስመሩ መጣመም የለበትም። የእኔ 27 ሽንሽን አለው። አግድሙን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ተከትዬዋለሁ፤ አንድም ቦታ ከፍ ወይም ዝቅ አይልም። መርፌዋ የገባችበትን ለማየት ጨርቁን ወደ መስኮት ማስጠጋት ነበረብኝ።

ከውስጥ ያለውን ሥራ ደግሞ የሚያየው ለባሹ ብቻ ነው። ወገቡ አካባቢ የተደራረበው ትርፍ ጨርቅ ተቆርጦ ይወጣል፤ በቦታው ጠንካራ ሸራ ይገባና ሸክሙን ከስፌቱ ላይ ይቀበላል፤ በላዩ ገበር ይለብሳል። የታችኛው ጠርዝ አይቀመቀምም። ጨርቁ ከሽመናው ይዞት የወጣው የራሱ ጠርዝ ነው። ለመውሰድ ስሄድ ሽንሽኖቹ በረጅም በረጅሙ በነጭ ክር እንደተያዙ ነበሩ፤ ክሩን እኔው እንድመዘው መቀስ ሰጠችኝ።

900 ፓውንድ ከፈልኩ። ብዙ ገንዘብ ነው። ግን በዚህ ልብስ ሰው ታስሮበታል። እ.ኤ.አ. በ1746 የደጋው ስኮትላንዶች ካሎደን በተባለ የጦር ሜዳ ላይ ከተሸነፉ በኋላ የለንደን መንግሥት ልብሳቸውን በሕግ ከለከለ። ከወታደር በስተቀር ማንም ወንድ፣ ልጅም ቢሆን፣ ለብሶ ከተገኘ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ከደገመ ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በ1822፣ ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባሰናዳው ዝግጅት ላይ ንጉሡ ራሱ ኪልት ለበሰ። ዛሬ የምናውቀው የየጎሳው ታርታን አብዛኛው የጸደቀውም ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን እያነሱ «ወግ አይደለም፣ ፈጠራ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን አይዋጥልኝም። ሰው የተነጠቀውን ልብስ ሲመልስ አሳምሮ ቢመልሰው ምን ነውር አለው?

የአገሬ ሰዎች ጥያቄ ሌላ ነው። «ወንድ ልጅ ቀሚስ?» ይላሉ። ቄሶቻችን የሚለብሱት ምንድን ነው? የአፋር ጎልማሳ ሽርጡን ታጥቆ ሲሄድ ወንድነቱን የሚጠራጠር ማን ነው? ደግሞስ «በእነሱ ጎሳ ልብስ አንተ ምን አገባህ?» ለሚለኝ፣ ጎሳ የሌለው ሰው የሚለብሰው የወረዳና የከተማ ታርታን እንዳለ እነግረዋለሁ። እኔ ያሰፋሁት የኤድንብራን ነው። ልጆቼ የተወለዱባት ከተማ ናት።

እናቴን በስልክ ነገርኳት። ጥጥ ፈትላ ስንቱን ጋቢ ያስለበሰች ሴት ናት። ቀለሙን አልጠየቀችኝም፣ ዋጋውንም አልጠየቀችኝም። «በእጇ ነው የሰፋችው?» አለች። «አዎ እማዬ፣ ሙሉውን በእጇ» አልኳት። «እጇን ይባርከው» አለች።

ባለፈው ወር፣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ የኪልቱ ወገብ ስለጠበበኝ መልሼ ወደ ሰፊዋ ወሰድኩት። ዘለበቶቹን ፈትታ ወደ ጠርዙ አስጠግታ ሰፋቻቸው፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። የቀድሞው ስፌት የነበረበትን ቦታ ሱፉ ላይ ፈልጌ አጣሁት። የ15 ዓመት ልጄ አብሮኝ ነበር። ማንም ሳይጠይቃት ሜትሯን አንስታ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ለካችው፤ ከዚያ የእኔን ልክ የጻፈችበትን አሮጌ ደብተር ገለጠች።

«ሦስት ሳንቲሜትር ይቀርሃል» አለችው።