ለመደርደሪያ የሚሞላ መጠይቅ

የመመረቂያ ወቅት ሲቃረብ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተገኘ ሰው ሁሉ «እባክህ ይህችን መጠይቅ ሙላልኝ» መባሉ አይቀርም። ጠያቂው የሳይኮሎጂ ተማሪ ከሆነ ወረቀቱ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ድብርት ወይም ስለ በራስ መተማመን ነው። ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ሳጥን አለው። መላሹ ክፍል እንዳያረፍድ እየተጣደፈ ከላይ እስከ ታች ምልክት አድርጎ ይመልሳል። ቁጥሩ ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ይገባል፣ ሠንጠረዥ ይወጣል፣ ጽሑፉ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ተማሪው ይመረቃል። ያንን ጥራዝ ከዚያ በኋላ የሚገልጠው ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በተማሪው ላይ ይጥላል። ምሰሶ ላይ የሚለጠፈውን «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ እያሳየ «ትውልዱ ሰነፈ» ይላል። ስንፍና የለም አልልም። ግን ችግሩ ከተማሪው በፊት ይጀምራል። የምናሠራው ጥናት ራሱ ለግዢ የተመቸ ነው። ሠርቶ ያመጣውም ገዝቶ ያመጣውም አንድ ዓይነት ጥራዝ ይዘው ከመጡ፣ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ጥራዙን ላዘዘው ነው።

ከቋንቋው እንጀምር። በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው የድብርት መጠይቆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ሲኢኤስ-ዲ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሐዘንን የሚገልጸው በእንግሊዝኛ «ሰማያዊ» ከሚለው ቀለም በወጣ ቃል ነው። እኛ ዘንድ «ሰማያዊ» ሲባል ወይ ቀለሙ ነው፣ ወይ መንግሥተ ሰማያት። ይህ ለማንም ስለሚታይ ይታረማል። የሚያስቸግረው የማይታየው ነው። «ድብርት» ለሐኪሙ ሕመም ነው፤ ለአዲስ አበባ ወጣት «ደበረኝ» ማለት ሰለቸኝ፣ አልጣመኝም ማለት ነው። በዚያ ላይ «ድባቴ» የሚል ቃል መጥቷል፤ መጠይቁን የሚሞሉት እናት ግን ሰምተውት ላያውቁ ይችላሉ። እሳቸው የሚያውቁት «ጨነቀኝ ጠበበኝ»፣ «ሐሳብ ገባኝ»፣ «ሆዴ ባባ» የሚለውን ነው። እነዚህ ደግሞ መጠይቁ ላይ የሉም።

መልሱም የራሱ ጣጣ አለው። «እንዴት ነህ?» ስንባል ታመንም ከፋንም «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» ብለን የምንጀምር ሰዎች ነን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብንልም፣ ለማያውቁት ሰው ገበናን መግለጥ ነውር ነው። ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ እርዳታ ሊመዘግብ የመጣ ሊመስል ይችላል፤ ያን ጊዜ ችግሩ ይጨመርበታል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ኮርትማንና ቴን ሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲቀርብ ሰዎች ጥያቄውን እንዴት እንደሚረዱትና በምን ፍላጎት እንደሚመልሱት መርምረዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቡታጅራ ላይ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተው የከባድ አእምሮ ሕመም ጥናትም በመጠይቅ ብቻ አልተወሰነም፤ አካባቢያቸውን አብጠርጥረው የሚያውቁ ነዋሪዎችንም ጠይቋል። መንገዱ እዚሁ አገር ተቀዷል። የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ግን ወደዚያ መንገድ ብዙም አይገቡም።

ጉዳዩ የኛ ብቻ አይደለም። አርኔት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 በስድስት ታዋቂ የሳይኮሎጂ ጆርናሎች የወጡ ጥናቶችን መርምሮ ነበር። ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶ ያህሉ የተገኙት ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከሚኖርባቸው የበለጸጉ ምዕራባውያን አገሮች ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳይኮሎጂ ሲማር «ሰው እንዲህ ነው» ተብሎ የሚነገረው በአብዛኛው ስለ እነዚያ ሰዎች ነው። ክፍተቱን ሊሞላ የሚችለው ደግሞ መጠይቅ ይዞ ግቢ ውስጥ የሚዞረው የኛው ተማሪ ነበር።

አሁን ለምን አነሣሁት? ጦርነትና መፈናቀል ያላለፈበት አካባቢ እየጠፋ ስለሆነ፣ «ትራውማ» የብዙ መመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ መሆኑ አይቀርም። አንድ የ22 ዓመት ተማሪ መጠለያ ጣቢያ ገብቶ አንዲትን እናት «ያ ክስተት ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ትዝ አለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ታለቅሳለች። እሱም ቁጥሩን መዝግቦ ወደሚቀጥለው ድንኳን ይሄዳል። የነካካውን ቁስል ማን ያስረዋል? ሙያው የሚያስተምረው የመጀመሪያ ነገር «አትጉዳ» የሚለው ከሆነ፣ ይህ ጥናት አይባልም።

እኔ የሚታዩኝ ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ «ይህ ርዕስ ተሠርቷል» ብሎ መመለስ ይቁም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ትልቅ ሥራ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሠርቶ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶው አዎንታዊ ውጤት አለን ያሉ ሲሆን፣ ሲደገሙ ያንን ያገኙት 36 በመቶ ብቻ ናቸው። የተሠራን መድገም የሳይንሱ ዋና ሥራ ነው። ዘንድሮ አሥር ተማሪዎች አንድ መጠይቅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ቢፈትሹ፣ ከርሞ ሌሎች አሥር ቢቀጥሉበት፣ በአምስት ዓመት ሐኪም ቤት የሚጠቀምበት መሣሪያ ይኖረናል።

ሁለተኛ፣ ከመቁጠር በፊት ማድመጥ። ለ300 ሰው መጠይቅ ከመበተን፣ 15 ሰው አስቀምጦ «ይህ ጥያቄ ምን ማለት መሰለዎት?» ብሎ መጠየቅ ይቅደም። ይህን ሥራ ምሰሶ ላይ ከተለጠፈ ስልክ ደውሎ መግዛት ቀላል አይሆንም።

ሦስተኛ፣ የተጎዱ ሰዎችን የሚጠይቅ ተማሪ፣ ጥያቄው ቢያማቸው የሚወስዳቸው ባለሙያ አጠገቡ ከሌለ ያንን ርዕስ አይንካ። መምህሩም አያጽድቅለት። ለተማሪ መማሪያ የሚሆኑ ሌሎች ርዕሶች ሞልተዋል።

«መምህሩ ስንቱን ተማሪ ያማክር? የትራንስፖርት ገንዘብስ ከየት ይምጣ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ አንድ መምህር 20 ተማሪ በ20 የተለያየ ርዕስ ማማከር አይችልም። በአንድ ርዕስ ላይ በቡድን የሚሠሩ 20 ተማሪዎችን ማማከር ግን ይችላል። 15 ሰው ማነጋገርም 300 ወረቀት ፎቶ ኮፒ ከማድረግ ይረክሳል።

የመውጫ ፈተና መጥቷል፣ ጥሩ ነው። ፈተናው ግን ተማሪው መጽሐፉን ማወቁን ነው የሚለካው። የራሱን ሰው ጠይቆ መረዳት መቻሉን የሚለካው የመመረቂያ ጽሑፉ ነበር። እሱን ለመደርደሪያ ማሞቂያ ትተነዋል።

ሳይኮሎጂ የተማራችሁ፣ የምታስተምሩም አላችሁ እዚህ። የእናንተ ጥራዝ አሁን የት ነው? ከተመረቃችሁ በኋላ ያነበበው ሰው አለ?