የብሪታንያ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ማሻሻያና ቀድመው የገቡ ሠራተኞች ዕጣ

የብሪታንያ መንግሥት የውጭ አገር ሠራተኞች ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያገኙበትን ሥርዓት ለመለወጥ ያቀረበው ዕቅድ ሰፊ ክርክር አስነስቷል። ወደፊት ለሚገቡ ሰዎች አዲስ መመዘኛ የማውጣት ሥልጣኑ እምብዛም አያከራክርም። አከራካሪው ጉዳይ በቀድሞው ደንብ መሠረት ሥራቸውንና ቤታቸውን ትተው የሄዱ ሠራተኞች በአዲሱ ደንብ ይዳኙ ወይ የሚለው ነው።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ባወጣው የፖሊሲ ሰነድ ለቋሚ ፈቃድ የሚጠየቀውን የቆይታ ዘመን ከአምስት ወደ አሥር ዓመት ለማሳደግ ማሰቡን አስታውቋል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሻባና ማህሙድ ባቀረቡት ዝርዝር መሠረት ከዲግሪ በታች በሆነ ሙያ የተቀጠሩ ሰዎች 15 ዓመት መጠበቅ ይኖርባቸዋል። በአንጻሩ በዓመት ከ125 ሺህ 140 ፓውንድ በላይ ገቢ ያላቸው በሦስት ዓመት ፈቃዱን ሊያገኙ ይችላሉ። ዕቅዱ በአገሪቱ እየኖሩ ቋሚ ፈቃድ ገና ያላገኙትንም እንዲያጠቃልል ነው የታሰበው።

መንግሥት ለእርምጃው የሚሰጠው ምክንያት የቁጥር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የተጣራው የስደተኞች ቁጥር ከ900 ሺህ በላይ ደርሶ እንደነበር የሚታወስ ሲሆን፣ ከ2026 እስከ 2030 ባለው ጊዜ 1 ነጥብ 6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ቋሚ ፈቃድ ያገኛሉ ተብሎ ተገምቷል። ቋሚ ፈቃድ ያገኘ ሰው የመንግሥት ድጎማ የማግኘት መብት ስለሚኖረው፣ ይህ በበጀት ላይ ጫና ያሳድራል የሚል ሥጋት አለ።

ለሠራተኛው ግን የጊዜው መራዘም ብዙ ትርጉም አለው። ቪዛው ከአሠሪው ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሥራውን ያጣ ሰው በአብዛኛው በ60 ቀናት ውስጥ ሌላ አሠሪ ማግኘት ይጠበቅበታል። እንደዚሁም ከጤናው ዘርፍ ውጭ ያለ ሠራተኛ በ2024 በተተመነው በዓመት 1 ሺህ 35 ፓውንድ የጤና ክፍያ ቢሰላ፣ አምስት ተጨማሪ ዓመታት ከ5 ሺህ ፓውንድ በላይ ያስወጡታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 በተከፈተው የአረጋውያንና የሕሙማን ተንከባካቢዎች ቪዛ ከናይጄሪያ፣ ከዚምባብዌ፣ ከሕንድና ከሌሎችም አገሮች የገቡት ደግሞ፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታቸውን የሚሞሉት በ2027 መጀመሪያ ላይ ነው። የ15 ዓመቱ ደንብ ቢጸና እነዚህ ሰዎች ተጨማሪ አሥር ዓመት ሊጠብቁ ነው።

ብሪታንያ ተመሳሳይ ውዝግብ ስትገጥም ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ከፍተኛ ችሎታ ያላቸውን ባለሙያዎች ለመሳብ ያቋቋመችው ፕሮግራም፣ አመልካቾች አገሪቱን ዋና መኖሪያቸው ለማድረግ እንዲያስቡ ይጠይቅ ነበር። ይሁንና በኤፕሪል 2006 የቋሚ ፈቃዱ ጊዜ ከአራት ወደ አምስት ዓመት ከፍ አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻም የነጥብ መመዘኛው ተለውጦ ቀድመው በገቡት ላይ ጭምር ተግባራዊ ሆነ። በአሮጌው መመዘኛ አልፈው የገቡ ባለሙያዎች በአዲሱ እየወደቁ ቪዛቸውን ማሳደስ አቃታቸው።

ባለሙያዎቹ ተደራጅተው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2008 በሰጠው ውሳኔ፣ ቀድሞ የገቡት ሰዎች መጀመሪያ የቀረበላቸውን ጥቅም ማጣት እንደሌለባቸው በመግለጽ ለውጡ በእነርሱ ላይ መተግበሩን ሕገወጥ ብሎታል። በ2009 ደግሞ በቋሚ ፈቃዱ ጊዜ ላይም ለእነርሱ ፈርዷል።

ያ ውሳኔ የአንድን ፕሮግራም የጽሑፍ መመሪያ መሠረት ያደረገ በመሆኑ ለአሁኑ ዕቅድ በቀጥታ ያገለግላል ማለት አይቻልም። ሆኖም መንግሥት የሰውን ልፋትና ዕውቀት ፈልጎ በሩን ሲከፍት ያስቀመጠው ሁኔታ እንደ ቃል እንደሚቆጠር አሳይቷል። የሠለጠነ የሰው ኃይል ለማግኘት አገሮች በሚሽቀዳደሙበት ዘመን ባለሙያው ወዴት እንደሚሄድ ሲወስን፣ ከደመወዙ ባልተናነሰ የሚመዝነው የተገባለት ቃል መጽናቱን ነው። ቀድመው ለገቡት ሠራተኞች የሽግግር ድንጋጌ ማኖርም የዚህ ቃል ትንሹ ማረጋገጫ ይሆናል።