ሥልጠና ያለ ሥልጣን

በጤና ተቋማት ስለ ሠራተኛ ተሳትፎ የሚነገረው አብዛኛው ነገር በአንድ ግምት ላይ የቆመ ነው፤ ለሠራተኛው የሚጎድሉት ፍላጎትና ዕውቀት ስለሆኑ ሲሠለጥንና ሲመከር ይስተካከላል የሚል። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተተገበረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር፤ ተከታዩ ዕቅድ ደግሞ ተነሳሽና ብቁ የሚሉትን ጨመረበት። ቅጽሎቹ ሁሉ ሠራተኛው ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት ይዘረዝራሉ፤ በምን ጉዳይ ላይ መወሰን እንደሚችል ግን አንዳቸውም አይናገሩም። ሥልጠናና ሥልጣን ከአንድ ግስ የተወለዱ ቃላት ሆነው ሳለ፣ የመጀመሪያው ከነአበሉ ሲታደል ሁለተኛው በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። «ማብቃት» የሚለው ቃል ብቁ ማድረግንም መጨረስንም ማመልከቱም ያለ ነገር አይመስልም፤ የብዙው ፕሮግራም ማብቃት በመዝጊያው ንግግር ያበቃልና።

የግምቱ ስሕተት በጥርስ ሕክምና ክፍል ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ጥርስ በሚነቀልበት ቦታ ጉጠቱም መስተዋቱም ደምና ምራቅ እየነካቸው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ስለሚሸጋገሩ፣ በመካከሉ የሚከናወነው ከጀርም የማጽዳት ሥራ ከነቀላው የሚያንስ አይደለም፤ ሥራው ግን በአብዛኛው በነርሷ፣ በረዳቷ ወይም በጽዳት ሠራተኛዋ እጅ ነው። እንደ ደብረ ታቦር ባለች ደጋ ከተማ ደግሞ ከፍታው ሥራውን ያከብደዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ወደ ነፋስ መውጫ ሲወጣ ከዚያም ዝቅ ይላል። መሣሪያን በድስት መቀቀል በየትኛውም ስፍራ ጀርምን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፤ በዚህ ደጋ ላይ ሲሆን ዝቅ ባለው በፎገራ ሜዳ ያለውን ያህል ጥቅም እንኳ የለውም። እንፋሎትን አፍኖ በግፊት ሙቀቱን ከፍ የሚያደርገው ኦቶክሌቭ የተባለው መሣሪያም ከችግሩ አያመልጥም። በባሕር ወለል ከፍታ መለኪያው በካሬ ኢንች 15 ፓውንድ ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ይደርሳል፤ በደብረ ታቦር ግን የውጩ አየር ግፊት አነስተኛ በመሆኑ መርፌው እዚያው ቁጥር ላይ ቆሞ ሙቀቱ ከ116 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም፤ 121 እንዲደርስ መርፌው ወደ 19 መጠጋት አለበት። ሙቀትን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ በዚህ አይሳሳትም፤ የግፊት መርፌ ብቻ ያለው አነስተኛ ኦቶክሌቭ ግን ትክክል በሚመስል ቁጥር ያታልላል።

መርፌው የሚፈለገው ቁጥር ላይ አለመድረሱን ወይም ዑደቱ ሳያልቅ መብራት መጥፋቱን ቀድማ የምታየው መሣሪያው አጠገብ የቆመችው ሠራተኛ ናት። በተለመደው አሠራር ያየችውን ለኃላፊ ታሳውቃለች፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆነና ሐኪሙም ወረፋው በዝቶበት «ቀጥዪ» ካላት፣ ሥልጠናው ያተረፈላት ነገር ቢኖር ጥፋቱን በዝርዝር አውቃ መፈጸም ነው።

የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ «አምስቱ ማዎች» የተባሉት የማጣራት፣ የማደራጀት፣ የማጽዳትና መሰል መመሪያዎች በየመሥሪያ ቤቱ ተሰራጭተዋል። ሐሳቡ በተቀዳበት በጃፓኑ የቶዮታ ፋብሪካ ተራ ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመድ ስቦ የምርት መስመሩን ማስቆም ይችላል። ወደዚህ የመጣው መደርደሪያው ነው፤ ገመዱ እዚያው ቀርቷል። በትእዛዝ ብቻ ሥራ አይሠራም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል፤ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያኑን ባለሙያዎች አስገድደው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል። ይሁን እንጂ መድፉ በንጉሥ ዓይን ሥር አንድ ጊዜ የተሠራ ነው፤ ጉጠት ግን በቀን ብዙ ጊዜ፣ ማንም በማያይበት ጓዳ፣ መጽዳት አለበት።

ሠራተኛዋ ሥራውን የማስቆም ሥልጣን ይኑራት ሲባል ጠንካራው ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል። ከስማዳ ወይም ከእስቴ ወረዳ ተነሥቶ ሌሊቱን በጥርስ ሕመም ሲሰቃይ ያደረ ገበሬ፣ አንዲት ረዳት መሣሪያው አልጸዳም ስላለች ሳይታከም ይመለስ ማለት ጭካኔ ይመስላል፤ መለዋወጫ የመሣሪያ ስብስብና ጀነሬተር በሌለበት ክሊኒክ ደግሞ እንዲህ ያለው ቀን አንድ ብቻ አይሆንም። ተቃውሞው እውነት አለው፤ የሚያስረዳው ግን ሥልጣኑ ዋጋ እንዳለው ነው። ነቀላው ሲቀጥልም ዋጋው አይቀርም፤ የጉበት ቫይረስ ሆኖ ከወራት በኋላ በሌላ ሰው ላይ ይወጣል፣ ከየት እንደመጣም የሚጠይቅ አይኖርም። ሥራው በቆመ ቁጥር ግን ጉድለቱ በዚያው ዕለት በወረፋው ላይ ስለሚታይ፣ የመለዋወጫና የጀነሬተር ጥያቄ የረዳቷ ጭንቀት መሆኑ ቀርቶ የበጀት ጉዳይ ይሆናል። አስተዳደር ይህን ሥልጣን የማይሰጠው ረዳቷን ስላላመነ ብቻ አይደለም፤ የራሱን ጉድለት በየዕለቱ ለማየት ስለማይፈልግም ጭምር ነው።

ዕቅዱ ስለጨመረው ተነሳሽነት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙና ከእነርሱም መካከል አንዳንዶቹ ሲታሰሩ፣ ተነሳሽ ባለሙያን ግቡ ያደረገው ዕቅድ ገና ዘመኑ አላለፈም ነበር።

ለአንድ የጥርስ ክፍል የሚያስፈልገው ሰነድ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ኦቶክሌቩ አጠገብ የሚለጠፍ ሆኖ፣ መሣሪያው የሚፈለገውን ሙቀትና ደቂቃ ካላሟላ የዕለቱ ተረኛ፣ ነርስም ሆነች የጽዳት ሠራተኛ፣ የሕክምና ወንበሩን የመዝጋት ሥልጣን እንዳላት ይገልጻል፤ ውሳኔዋን የሚሽር ኃላፊም ሆነ ሐኪም ስሙን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን ከሥሩ ጽፎ እንዲፈርም ያስገድዳል።