ፋይሉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ነው የጠፋው

ትዕይንቱ ለቢሮ ሰው እንግዳ አይደለም። አንድ ባለጉዳይ ከሃያ ዓመት በፊት የተሰጠ ውሳኔ ግልባጭ ይፈልጋል። የወረቀቱ ፋይል መደርደሪያው ላይ የለም፤ ወይ ቢሮው ሲዛወር ጠፍቷል፣ ወይ ጣሪያው አፍስሶበታል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ግን ተስፋ አትቆርጥም። «ሶፍት ኮፒው አለ» ትላለች። ሲዲው ተፈልጎ ይገኛል፣ ፋይሉ ወደ አዲሱ ላፕቶፕ ይገለበጣል፣ ወርድ ይከፍተዋል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን የላቲን ፊደል፣ የቃለ አጋኖ፣ የቅንፍና የዶላር ምልክት ክምር ነው። አንድም የአማርኛ ቃል የለም።

ከዚያ የሚሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው፦ «ቫይረስ በልቶታል።»

ቫይረስ አልበላውም። ፋይሉ በተጻፈበት ቀን እንደነበረው ሙሉ ነው፤ አንዲት ነጥብ አልጎደለችም። የጎደለው ጽሑፉ ሲተየብ ኮምፒዩተሩ ላይ ተጭኖ የነበረው ፎንት ነው። ቫይረስን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ጥፋቱ የውሳኔ ነው፤ የብዙ መሥሪያ ቤቶች፣ የብዙ ማተሚያ ቤቶችና የብዙ ኃላፊዎች ውሳኔ፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አለመወሰን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል ሰዎች መስማማት አለባቸው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. የነበሩት ፎንቶች በ256 ቦታዎች የተወሰኑ ነበሩ፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለኮምፒዩተሩ ለራሱ ትእዛዝ የተያዘ ነው። የአማርኛ ፊደል 33ቱ ብቻ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ ሲጨመሩ፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቡ ሲመጡ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ የዘመኑ ባለሙያዎች ብልሃት ፈጠሩ። አማርኛውን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ አስቀመጡት። አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ፊደሉን ከቁርጥራጭ ቅርጾች ገጣጠሙት። ለኮምፒዩተሩ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ይህ ብልሃት በዘመኑ ውለታ ነበር። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎቹ ባይኖሩ ኖሮ የኢትዮጵያ ቢሮ ከታይፕራይተር ወደ ኮምፒዩተር ለመሻገር ብዙ ዓመት ይጠብቅ ነበር። እነዚያን ሶፍትዌሮች የሠሩ ሰዎች ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። ችግሩ እያንዳንዱ አምራች የራሱን የቁጥር ሰንጠረዥ መያዙ ነበር። በአንዱ ፎንት «ለ» የሆነው ቁጥር በሌላው «መ» ሊሆን ይችላል። አንዱ ቢሮ የጻፈውን ሌላው ቢሮ የሚያነበው ያንኑ ፎንት ከጫነ ብቻ ነው። የአንድ ሀገር ደብዳቤዎች በተለያየ ምስጢራዊ ቁልፍ ተቆለፉ ማለት ነው፤ ቁልፉም የትም አልተመዘገበም።

መፍትሔው ግን ከመጣ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደል ቋሚ ቦታ ሰጠ። በዩኒኮድ ሰንጠረዥ «ሀ» 1200 ቁጥር ላይ፣ «ለ» 1208 ቁጥር ላይ፣ «ሐ» 1210 ቁጥር ላይ ተቀመጡ። ይህ በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተንም፣ በቴል አቪቭም አንድ ነው። ነገ በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይም አንድ ነው፤ ዩኒኮድ አንዴ የሰጠውን ቦታ አይቀይርምና።

እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ ሰበብ ነበረ። ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ተጠቃሚው ራሱ ፈልጎ መጫን ነበረበት። ዊንዶውስ ቪስታ ግን ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሰበቡ አለቀ። ዛሬ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ያለ ስልክ አማርኛን ያለ ምንም ጭነት ያነባል። በአሮጌ ፎንት የተተየበውን የመንግሥት ደብዳቤ ግን ስልኩ አያነበውም። በቴሌግራም እንደ ልቡ በአማርኛ የሚጽፈው ያው ሠራተኛ ቢሮ ሲገባ ለሌላ ዘመን በተሠራ ፎንት መተየቡን ይቀጥላል። አለቃው ያንን ነው የለመደው፣ የቢሮው ቅጽ በዚያ ነው የተዘጋጀው፣ ጸሐፊዋም ጣቷ ያንን የኪቦርድ አቀማመጥ ነው የሚያውቀው።

የመጀመሪያው መከላከያ «ዋናው ወረቀቱ ነው፣ ፕሪንት ተደርጎ ማኅተም እስካለው ድረስ ፋይሉ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ይህ አስተሳሰብ ኮምፒዩተርን እንደ ውድ ታይፕራይተር ያየዋል። ታዲያ ወረቀቱ ለምን ሁሌ ይጠፋል? ደግሞስ ሀገሪቱ ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የሚል ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው፣ የኤሌክትሮኒክ መልእክት በሕግ ፊት ዕውቅና እንዲኖረው በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 የደነገገችው ለምንድን ነው? ሕጉ የኤሌክትሮኒክ ሰነድን ከወረቀት እኩል እያስቀመጠ፣ ቢሮው ነገ የማይነበብ ሰነድ ሲያመርት ይውላል።

ሁለተኛው መከላከያ ብልጠት ያለበት ይመስላል፦ «ፒዲኤፍ እናደርገዋለን።» እውነት ነው፣ ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል ለዓይን ያምራል። ግን ከዚያ ፒዲኤፍ ላይ አንድ አንቀጽ ገልብጦ ሌላ ቦታ ለመለጠፍ ይሞከር። የሚወጣው ያው የምልክት ክምር ነው። በውስጡ የሰው ስም ይፈለግ፤ አይገኝም። ዓይነ ስውር የሆነ የሕግ ባለሙያ ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚቀይር ሶፍትዌር ሊያዳምጠው ይሞክር፤ የሚሰማው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ጋጋታ ነው። ሰነዱ ፎቶግራፍ ሆኗል እንጂ ጽሑፍ አልሆነም። በሺህ የሚቆጠር መዝገብ ያለው ቢሮ መፈለግ ካልቻለ ያለው መረጃ ሳይሆን መጋዘን ነው።

ሦስተኛው መከላከያ በብዙ ቢሮ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። «ያቺን ኮምፒዩተር እንዳትነኩ፣ የድሮው ነገር ሁሉ በእሷ ነው የሚከፈተው» ትባላለች። ያቺ ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ኤክስፒ ወይም ዊንዶውስ 7 ነው ያላት። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2014 ነው፤ ለዊንዶውስ 7 ደግሞ ጃንዋሪ 2020። የመሥሪያ ቤቱ የሃያ ዓመት ማኅደር ያለው በር በሌለው ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። ፍላሽ በተሰካባት ቁጥር አደጋ ነው። ሃርድ ዲስኳ የቆመ ቀን ደግሞ ጥያቄው ያበቃል።

አራተኛው ደግሞ የግዢ ክፍሉ መልስ ነው፦ «አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛ።» ይህ ከሁሉም የባሰ ነው፤ በሽታውን ያፋጥነዋልና። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ብዙ ደህና የሚሠሩ ማሽኖች በይፋ አይቀበሉትም። ስለዚህ በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት አሮጌ ኮምፒዩተሮች በብዛት ይወገዳሉ። ዊንዶውስ 11 የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው፤ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ በዊንዶውስ 3.1 ዘመን ለ16 ቢት የተሠሩ ፕሮግራሞችን ጨርሶ አያስነሳም። አዲሱ ማሽን ሲገባ አሮጌው ወደ ጨረታ ይሄዳል፤ ፎንቱም፣ የመተየቢያው ሶፍትዌርም አብረው ይሄዳሉ። ፋይሎቹ ግን ወደ አዲሱ ይገለበጣሉ። ቁልፉ ተጥሎ ሳጥኑ ይቀመጣል።

«ይህ የድሃ ሀገር ቅንጦት ነው» የሚል ካለ ወደ ምያንማር ይመልከት። የምያንማር ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው ከግዕዝ ጋር በአንድ እትም፣ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እዚያም ዛውጂ የሚባል ከመስፈርቱ ውጪ የሆነ ፎንት ሀገሩን ወርሶት ነበር፤ ስልኩም፣ ፌስቡኩም፣ ቢሮውም በእሱ ነበር የሚጻፈው። መንግሥቱ ቀን ቆረጠ፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2019 የመሸጋገሪያ ዕለት ተብሎ ታወጀ። ጉግል ዛውጂን ከዩኒኮድ የሚለይ መሣሪያ በነፃ አወጣ፤ ፌስቡክም ጽሑፉን ራሱ የሚቀይርበትን መንገድ ሠራ። ሽግግሩ ያለ ችግር አልሄደም፤ ግን ቀን ተቆረጠለት። ኢትዮጵያ ያጣችው ገንዘብ አይደለም፤ ቀኑን የሚቆርጥ ሰው ነው።

በፍትሕ ለመናገር፣ መቀየር ቀላል ነው የሚል ሰው ሥራውን አያውቀውም። በአሮጌ ፎንት በተጻፈ ሰነድ ውስጥ የእንግሊዝኛ ቃልና የአማርኛ ቃል በአንድ ዓይነት ቁጥር የተጻፉ ናቸው፤ የሚለያቸው የተመረጠላቸው ፎንት ብቻ ነው። ፎንቱን ሳያይ የሚቀይር ፕሮግራም የባንክ ስምንና የብር መጠንን ወደ ትርጉም የለሽ አማርኛ ሊለውጥ ይችላል። በውል ላይ፣ በካርታ ቁጥር ላይ፣ በውርስ ድርሻ ላይ አንዲት አኃዝ ብትዛባ ውጤቱ የፍርድ ቤት ክርክር ነው። በዳታቤዝ ውስጥ የገባ ጽሑፍ ደግሞ የፎንት መረጃውን ጭራሽ ስለሚያጣ በየትኛው ሰንጠረዥ እንደተጻፈ መገመት ይጠይቃል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ይህ ክርክር ለመዘግየት ሳይሆን ለመፍጠን ነው የሚሠራው። ፎንቱ የትኛው እንደነበር የሚያስታውሱት ጸሐፊዎች ጡረታ እየወጡ ነው። ዛሬ ከባድ የሆነው ሥራ ከአሥር ዓመት በኋላ የማይቻል ይሆናል።

መደረግ ያለበት የታወቀ ነው። አንደኛ፣ ከአንድ ከተቆረጠ ቀን ጀምሮ ማንኛውም የመንግሥት ሰነድ፣ ቅጽና ጨረታ በዩኒኮድ ብቻ እንዲጻፍ ይታዘዝ፤ ቧንቧው እየፈሰሰ ወለል መጥረግ አይቻልምና። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ኮምፒዩተር ከመወገዱ በፊት በውስጡ ያሉት ፎንቶችና ሶፍትዌሮች ተመዝግበው ይቀመጡ፤ የንብረት ክፍሉ የወንበር ቁጥር እንደሚመዘግበው ሁሉ። ሦስተኛ፣ የፎንት አምራቾች የቁጥር ሰንጠረዣቸውን ይፋ ያድርጉ፤ ለገበያ የሚጠቅም ምስጢር አልቀረበትም። አራተኛ፣ የሚቀየረው ሰነድ በሰው ዓይን ይታረም፤ ዋናው አሮጌ ፋይልም ሳይነካ ከጎኑ ይቀመጥ። አምስተኛ፣ ይህን የሚመራ ባለቤት ይኑር። የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ብራናና ወረቀት ብቻ ሳይሆን ፋይልም መዝገብ መሆኑን ተቀብሎ መመሪያ ቢያወጣ የሚቃወመው አይኖርም።

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ ጋዜጦች፣ ማተሚያ ቤቶችና አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኖችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። የ1990ዎቹ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ የዚያ ዘመን የግል ጋዜጦች ገጾች፣ ታትመው ያለቁ መጻሕፍት የመጨረሻ ረቂቆች በዚሁ ምስጢራዊ ቁልፍ ተቆልፈው በየፍላሹና በየሲዲው ተበትነዋል። ኮምፒዩተር አማርኛ አልቻለም፣ ትርጉሙ ይሳሳታል እያለ የሚያማርር ሁሉ አንድ ነገር ያስብ፤ ማሽን የሚማረው ከሚነበብ ጽሑፍ ነው። የአንድ ትውልድ አማርኛ ለማሽን እንግሊዝኛ መስሎ ተቀምጧል።

በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያለው ወንጌል በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተጻፈ ታውቋል። ግዕዝ የሚያውቅ ዲያቆን ዛሬ ገልጦ ያነበዋል። በ1996 ዓ.ም. የተተየበ የይዞታ ማረጋገጫ ደብዳቤ ግን የዛሬ ላፕቶፕ አያነበውም። ብራናውን የጻፈው ሰው ከእሱ በኋላ ለሚመጣ አንባቢ እንደሚጽፍ ያውቅ ነበር። ቢሮው የሚጽፈው ለዛሬ ከሰዓቱ ፕሪንተር ነው።

አሮጌዎቹ ማሽኖች ወደ ጨረታ ለመሄድ በኮሪደር ተደርድረዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው፤ ማሽኖቹ ከመሸጣቸው በፊት አንድ ሰው ይክፈታቸውና ፎንቶቻቸውን ይገልብጥ።